በታሸገ ውሃችን ውስጥ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ተገኘብን፤ ኦዞን መጨመር ይበቃል?

ጥራት_ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጉድጓድ ውሃ በካርቦን ማጣሪያ፣ በአርኦ (ውሃውን በግፊት በረቂቅ ሜምብሬን የሚያጣራ) እና በዩቪ (ጀርም ገዳይ ጨረር) አሳልፈን፣ ከአርኦ በኋላ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው ጨምረን፣ መጨረሻ ላይ ጀርም የሚገድለውን የኦዞን ጋዝ ሰጥተን እናሽጋለን። ተቆጣጣሪዎች ከገበያ በወሰዱት ናሙና ብክለት ጠቋሚ የሆኑት ኮሊፎርምና ኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎች የሉም፤ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ግን በ250 ሚሊ ሊትር ውስጥ ተገኝቷል። የራሳችን ላቦራቶሪ በየቀኑ ንጹሕ ነው የሚለው። ኦዞኑን ከ0.3 ወደ 0.8 ሚሊ ግራም በሊትር ብናሳድገው ይፈታል?

ማይክሮ_ላብ፦
ኦዞኑን ገና አትንኩት፤ መጀመሪያ የላቦራቶሪያችሁን አሠራር መርምሩ። አሁን ከማሽን በወጣ ጠርሙስ ውስጥ ኦዞን አለ። በናሙናው ላይ ኦዞኑን የሚያከሽፈውን ሶዲየም ታዮሰልፌት ካልጨመራችሁ ኦዞኑ እስከ ምርመራው ድረስ መግደሉን ይቀጥላል፣ ውጤቱም የውሸት ዜሮ ይሆናል። ተጎድቶ የተረፈው ባክቴሪያ ደግሞ ኦዞኑ በኖ ካለቀ በኋላ መደርደሪያ ላይ ይራባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር ከታሸገ ምርት) በታሸገበት ቀንም በ7ኛው ቀንም መርምሩ፦ 250 ሚሊ ሊትር በ0.45 ማይክሮን ሜምብሬን አጣርቶ፣ ሲኤን አጋር (ሱዶሞናስን ለይቶ የሚያሳድግ ማብቀያ) ላይ፣ በ36 ዲግሪ፣ በ22 እና በ44 ሰዓት ማንበብ።

ኮሊፎርም አለመገኘቱ አያጽናናችሁ። እሱ የሚጠቁመው ከሰገራና ከአፈር የሚመጣ ብክለትን ነው። ሱዶሞናስ ምግብ እምብዛም በሌለበት ውሃ ውስጥ እንኳ የቧንቧ ግድግዳ ላይ ባዮፊልም የሚባለውን የሚያዳልጥ ሽፋን ሠርቶ ይኖራል።

የመሙያ_መስመር፦
ጠዋት ማሽን ከመነሣቱ በፊት፣ ቧንቧውን ሳታፈስሱ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ውሰዱ፦ ከካርቦን በኋላ፣ ከአርኦ በኋላ፣ ከታንከሩ፣ ከመሙያው መግቢያ፣ ከእያንዳንዱ ኖዝል (ጠርሙስ የሚሞላ አፍ)። ካርቦን ክሎሪኑን ስለሚያጠፋ ከእሱ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ መከላከያ የለውም። ውሃ የሚቆምባቸውን ቅርንጫፍ ቧንቧዎች ቁረጡ፤ ያረጁ ጋስኬቶችን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ ጎማዎችን) ቀይሩ፤ በታንከሩ መተንፈሻ ላይ 0.2 ማይክሮን የአየር ማጣሪያ መኖሩን እዩ። ክዳን በተከፈተ ካርቶን ማሳደርም ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ያመጣል።

አጠባው፦ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ በ70 ዲግሪ 30 ደቂቃ አዙሩ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ቀጥሎ 200 ሚሊ ግራም በሊትር ፐርአሴቲክ አሲድ (ጀርም ገዳይ) 30 ደቂቃ። ሶዳውን ዘልሎ በቀጥታ ፐርአሴቲክ መልቀቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ላይ ላዩን ገድሎ ሽፋኑን ስለሚተው ችግሩ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ይህ ለአይዝጌ ብረት መስመር ነው፤ ፒቪሲ ሙቀቱን አይችልም። የአርኦ ሜምብሬንም ከዚህ ዙር ውጭ ይሁን።

ውሃ_ኬሚስት፦
0.8 የሚለውን ተዉት። ኦዞን ውሃው ውስጥ ያለውን ብሮማይድ ብሮሜት ወደተባለ ጎጂ ውህድ ይቀይረዋል፣ የብሮሜት ወሰን ደግሞ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። 1 ማይክሮ ግራም ብሮማይድ ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ 1.6 ማይክሮ ግራም ብሮሜት ይሆናል፤ ስለዚህ በሊትር 6.25 ማይክሮ ግራም ብሮማይድ እንኳ ወሰኑን ሊሞላው ይችላል። አንዴ ከተፈጠረ በማፍላት አይጠፋም።

አርኦ አለን ብላችሁ አትዘናጉ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ዳሳኒ የተባለው የታሸገ ውሃ 500,000 ያህል ጠርሙስ ከገበያ የሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ብሮማይዱ የመጣው ከማጣሪያው በኋላ በተጨመረው ካልሲየም ክሎራይድ ነው፣ ልክ እንደ እናንተ አሠራር። የጨዉን የትንተና ወረቀት አቅራቢውን ጠይቁ፤ የብሮማይድ መጠን ካልተጻፈበት አትግዙ። ጠርሙሱ ሲሞላ ኦዞኑ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም በሊትር ይሁን።

ጥራት_ክፍል፦
አመሰግናለሁ፤ ጨዉ ላይ ብሮማይድ ተለክቶ አያውቅም። ገበያ ላይ ያለውን ምርትስ ምን እናድርገው?

ማይክሮ_ላብ፦
የተያዘውን አንድ ባች ብቻ አትዩ። በ7ኛው ቀን ምርመራ ንጹሕ የሆነ የመጨረሻ ባች ከሌላችሁ፣ ካለፈው ሙሉ አጠባ ወዲህ የታሸገው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። መጋዘን ያለውን አግዱ፣ የወጣውን በባች ቁጥር ከአከፋፋዮች ሰብስቡ፣ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጽሑፍ አሳውቁ። መሰብሰቡን ከሆስፒታሎች ጀምሩ፤ ለጤነኛ ሰው ብዙም የማያሰጋው ሱዶሞናስ ለጨቅላ ሕፃን፣ ለቃጠሎ ቁስለኛና የመከላከል አቅሙ ለደከመ ታማሚ ገዳይ ሊሆን ይችላል።