አስቸኳይ፦ የፓስቸራይዘር ፕሌት ያፈሳል፣ ፋብሪካው ወደ ናይሮቢ መራን

ሜንቴናንስ ሱሉልታ፦
ሰላም ቤተሰብ። የፓስቸራይዘራችን (ወተት አሙቆ ጀርም የሚገድለው ማሽን) ፕሌቶች፣ ማለትም ወተቱ በመካከላቸው እያለፈ የሚሞቅባቸው ስስ ብረቶች፣ ከታች በኩል ወተት ያንጠባጥባሉ። ማሽኑ የስዊድን ነው። አምራቹን ፋብሪካ ብንጠይቅ «ኢትዮጵያን የሚይዘው የናይሮቢው ቡድን ነው» አሉን። ናይሮቢ ደግሞ ሲሪያል ቁጥር ላኩ ብሎ ዝም አለ። ነገ ጠዋት ወተት ይገባል፤ ምን ይሻላል?

ብሎን፦
አጥብቀው።

ነባር መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ ዝም አላሉህም፤ ቁጥሩን እየጠበቁ ነው። የስዊድንም የዴንማርክም አምራቾች እንደኛ ላለ ትንሽ ገበያ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ቢሮ አይከፍቱም። አንድ ቡድን ብዙ አገር ይይዛል፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) እና ጉምሩክ የአገር ውስጥ ወኪሉ ሥራ ነው። የፕሌቶቹ አደራደር የተመዘገበው በሲሪያል ቁጥሩ ስለሆነ ያለሱ ትክክለኛውን ጋስኬት (በፕሌቶቹ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ ጎማ) መለየት ያስቸግራል። የማሽኑን ታርጋ (ሲሪያል ቁጥሩ የተጻፈበትን) ፎቶ፣ የፕሌቱን ብዛት፣ ጋስኬቱ በክሊፕ ይሁን በማስቲሽ የተያዘ፣ የምታጥቡበትን ሶዳና አሲድ፣ የሙቀቱን መጠን በአንድ ኢሜይል ላክ። ወኪሉንም ኮፒ አድርገው፣ አለዚያ ሁለቱ ሲቀባበሉህ ይከርማሉ።

አቤል፦
ማጥበቅ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

የወተት ቴክኒሻን፦
ዝም ብሎ አይጠበቅም! ታርጋው ላይ «ኤ» የሚል ልኬት አለ፤ በሁለቱ ፍሬሞች መካከል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊሜትር። መስመሩን ዝጋ፣ ግፊቱን አውርድ፣ ከ40 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች በሁለቱም ጎን ለካ። ርቀቱ ገና ከዝቅተኛው ልኬት በላይ ከሆነ ብቻ ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቅህ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ። ካለፍከው ፕሌቱ ይጣመማል፣ ያኔ የምትገዛው ጋስኬት ሳይሆን ፕሌት ነው። ሲቀዘቅዝ አፍስሶ ሲሞቅ ካቆመ ጎማው ደርቋል ማለት ነው።

ጎማ ቤት፦
ለጎማ ናይሮቢ ድረስ ምን አስኬደህ? መርካቶ ይቆረጥልሃል።

የወተት ቴክኒሻን፦
ጋስኬቱ ከጠፍጣፋ ጎማ አይቆረጥም፣ በሻጋታ የወጣ ነው። ቅባት የማይችል ጎማ ደግሞ ያብጣል።

ጥራት ክፍል፦
ወደ ውጭ ማፍሰሱ ቀላሉ ነው። በፕሌቶቹ ቀዳዳዎች ዙሪያ ጋስኬቱ ድርብ የሆነው አንዱ ሲያፈስ ወደ ውጭ እንዲወጣና እንዲታይ ነው። የሚያስፈራው ፕሌት ተበስቶ ጥሬው ከተፓስቸረው ሲቀላቀል ነው። የተፓስቸረው ጎን ግፊት ሁልጊዜ ከጥሬው መብለጥ አለበት፤ የግፊት መለኪያውን ጌጅ እይ። ካነሰ 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ብታሞቀውም ዋጋ የለውም፣ ወተት አታስገባ።

ሎጂስቲክስ፦
የናይሮቢ ሰዓት ከኛ ጋር አንድ ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደውልላቸው። የጫፍ ፕሌቱ ጋስኬት ከሌላው ይለያል፣ ለብቻው ጠይቅ። ፕሮፎርማው ላይ ስማችሁ ልክ እንደ ንግድ ፈቃዱ ይጻፍ፤ ባንክ በአንድ ፊደል ይመልሳል።

ሜንቴናንስ ሱሉልታ፦
ታርጋው ቀለም ተቀብቶበታል፣ አይነበብም።

ነባር መሐንዲስ፦
በቲነር ቀስ አድርገህ ጥረገው፣ አትፋቀው። እምቢ ካለ የድሮው የተከላ ሰነድ ላይ ቁጥሩ ይገኛል።