የአጎቴ የማሲንቆ ካሴቶች፦ እንዴት ይገልበጡ? ለማንስ ይድረሱ?

ጥያቄ፤ ከአራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ መምህር ነበሩ። በ1970ዎቹ ጎንደርና ጎጃም ሲያስተምሩ በሄዱበት ሁሉ አዝማሪ ይቀዱ ነበር። ጠጅ ቤት፣ ሠርግ፣ ማኅበር፣ የሰው ግቢ። የሚቀዱባት በትከሻ የምትንጠለጠል፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ቴፕ ነበረች። ካረፉ በኋላ ዕቃቸው ፒያሳ እናቴ ቤት ተቀምጦ ኖረ። ሠፈሩ ሲነሣ ካርቶኑ እኔ ጋ መጣ። ውስጡ ብዙ ካሴትና ጥቂት ሪል (ክሩ ክፍት መጠምጠሚያ ላይ የተጠቀለለ የድሮ ቴፕ) አለ። አብዛኞቹ ላይ የተጻፈው “ማሲንቆ” ወይም “ሠርግ ቤት” ብቻ ነው።

ዘመድ ውስጥ “ለቆራሌው ስጪውና ተገላገዪ” ያለኝ አለ። እኔ ግን አልቻልኩም። አንዱን ካሴት ጎረቤት ቴፕ ላይ ሞከርኩት። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ ከኋላ ደግሞ ሰው “ተቀበል!” ሲል ይሰማል። ድምፁ ግን ታፍኗል። ሁለተኛውን ካሴት ቴፑ ክሩን ሊበላው ሲል አወጣሁትና እዚያው ተውኩት።

ወደ ኮምፒውተር እንዴት ልገልብጠው? ከካሴቱ የሚሰማውን ሽሽሽ የሚል ሹክሹክታ የሚያጠራ ሶፍትዌር አለ ይሉኛል፣ ልጠቀምበት? የአጎቴ ልጅ ዩቲዩብ ላይ እንልቀቀው እያለ ነው፤ ይቻላል? ዋናዎቹንስ የት ላድርጋቸው?

መልስ፤ ቴፕ ጠጋኙ

እህቴ፣ እንኳን ለቆራሌው አልሰጠሽው። ክሩ ሊበላ ሲል ማቆምሽም ደግ ነው። ከዚህ በኋላ ቴፑ ሳይዘጋጅ ምንም ካሴት አትክተቺ።

መጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉትን ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪያቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቀዩን ቁልፍ ቢጫን እንኳ አይቀዳበትም። ቀጥለሽ በቢክ እስክሪብቶ ጥቂት ዙር አዙሪው። ጥርቅ ብሎ ከያዘ አታስገድጂው።

ክሩን የሚጫን ስፖንጅ የምትመስል ትንሽ ነገር ከመሐል አለች። በአሮጌ ካሴት ላይ ማጣበቂያዋ ደርቆ ትወድቃለች፤ ያኔ ድምፁ ይሄዳል ይመጣል። ካሴቱ የተበላሸ ይመስልሻል እንጂ ክሩ ደህና ነው። በብሎን የታሰረ ርካሽ ካሴት ገዝተሽ ፍቺው፣ የአጎትሽን ክር ከነመጠምጠሚያው ወደዚያ አዛውሪው። ልብ በይ፣ ክሩን በጣትሽ እንዳትነኪው፤ የጣት ቅባት ይይዘዋል።

ቴፑን በተመለከተ፣ የድምፁን ጭንቅላት (ክሩን የምታነበውን ትንሽ ብረት) በጥጥና በአልኮል አጽጂ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃ አለው። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ካገኘሽ እሱ ይሻላል። ጎማውን ግን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ብቻ። ቺንጊያው ከላላ ደግሞ ዘፈኑ ይንገዳገዳል፤ አስቀይሪው።

አሁን ወደ ታፈነው ድምፅ ልምጣ። ጭንቅላቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። አጎትሽ የቀዱበት ቴፕና ያንቺው ጭንቅላታቸው እኩል ካልቆመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ማሲንቆው እየተጫወተ ያቺን ብሎን በትንሽ መፍቻ ቀስ ብለሽ፣ ፀጉር ታህል ብቻ አዙሪ። ደጋኑ ጭራው ላይ ሲፋቅ የሚያሰማው ሻካራ ድምፅ ድንገት ከፊት ይመጣልሻል። እዚያ ላይ አቁሚ። ለየካሴቱ እንደገና መስተካከል አለበት። አድካሚ ነው፤ ከዚህ በላይ ድምፅ የሚያድን ነገር ግን አላውቅም።

ስልክ ስፒከር ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አትቅጂ፣ እባክሽ። ከቴፑ በገመድ ወደ ዩኤስቢ የድምፅ ካርድ፣ ከዚያ ወደ ላፕቶፕ ይግባ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ አይሁን፤ ከመብራት መስመሩ የሚመጣ እምምታ፣ እምም የሚል ድምፅ ይገባል። ለመቅጃ ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃል። 24 ቢት፣ 48 ወይም 96 ኪሎኸርዝ፣ ዌቭ ፋይል። በ96 ስቴሪዮ ከሆነ በሰዓት ወደ 2 ጊጋባይት ይወስዳል፣ በ48 ግማሹን። ከፍተኛው ድምፅ ሲመጣ መለኪያው ቀዩን አይንካ። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ያየሽበትን ለይተሽ በላስቲክ አሽጊው፣ አታጫውቺው። ወደ ሌሎቹም ይጋባል።

መልስ፤ የማሲንቆ ተማሪዋ

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ ተምሬያለሁ። ስለ ማጥሪያ ሶፍትዌሩ የምለው አለኝ።

እባክሽ ዋናው ፋይል ላይ አትንኪው። ሶፍትዌሩ የካሴቱን ሹክሹክታ የሚለየው የማያቋርጥ፣ ሻካራ ድምፅ ነው ብሎ ነው። የማሲንቆ ድምፅ ግማሹ እኮ ይኼው ነው! እጣን የተቀባ የፈረስ ጭራ በጭራ ሲፋቅ፣ ደጋኑ ሲመለስ የሚሰማው ትንፋሽ። ሶፍትዌሩ እሱን ቆርጦ ሲጥል የሚቀርሽ የተላጠ፣ ፉጨት የመሰለ ዜማ ነው። እኛ ተማሪዎች ከድሮ ቅጂ የምንፈልገው ደግሞ ደጋኑ የት እንደተመለሰ፣ ጣቱ ክሩን እንዴት እንደነካካው ነው። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ጨዋታው በሙሉ ያለው በዚያ ላይ ነው።

የሰዉን ጫጫታም አትቁረጪ። “ተቀበል!” ብሎ ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው፣ አዝማሪው ያንን ተቀብሎ ያዜመዋል። ከኋላ በሩቁ የሚሰማው ሰውዬ የግጥሙ ባለቤት ሊሆን ይችላል። እሱን ካጠፋሽው አዝማሪው ግጥሙን ከራሱ ያወጣው ይመስላል። ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሴቶች እልል ሲሉ፣ ሽልማት ሲሰጥ ሁሉ እንዳለ ይቆይ።

ለማዳመጥ የጠራ ከፈለግሽ ኮፒ አውጥተሽ እሱ ላይ ሥሪ። ስሙንም “የተነካካ” ብለሽ ለዪው።

ጠያቂዋ

ተባረኩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዱ ካሴት ላይ አዝማሪው ሲጀምር የጎልማሳ ድምፅ አለው፤ ወደ መጨረሻው ግን እየቀጠነና እየፈጠነ ይሄዳል። ክሩ ተስቦ ነው?

መልስ፤ ቴፕ ጠጋኙ

አይደለም። ሲቀዱ የባትሪ ድንጋዩ እየደከመ ነበር። ያኔ ክሩ እየዘገየ ይሄዳል፤ አሁን በትክክለኛው ፍጥነት ስናጫውተው እየፈጠነ ይመጣል። ፍጥነቱን በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ኮፒው ላይ።

ከተማ ውስጥ መብራት ላይ ተሰክቶ የተቀዳ ካለ ደግሞ ጥሩ መለኪያ አለሽ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ እምምታውም እዚያ ላይ ይቀመጣል። ኦዳሲቲ ውስጥ የድምፁን ስፔክትረም (በየኸርዙ ያለውን ድምፅ የሚያሳየውን ሥዕል) ስታዪ እምምታው 53 ላይ ከታየሽ፣ ቅጂው 6 በመቶ ፈጥኗል፣ ግማሽ ድምፅ ያህል ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። በትክክል 50 ላይ የቆመ ሌላ መስመር ካየሽ ያ የራስሽ ቴፕ ነው፣ አትከተዪው። ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሆነ በጆሮ ብቻ “ይኼ ነው ልኩ” ለማለት ያስቸግራል።

የራስሽ ቴፕ ፍጥነቱ ልክ መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ። አንድ የምታውቂውን የታተመ ካሴት አጫውቺና ከዲጂታሉ ጋር አስተያዪው።

መልስ፤ ጎንደሬው

ልጄ፣ አጎትሽ ነፍሳቸውን ይማርልን። እኔ ስለ ማሽኑ የምለው የለኝም። የምጨነቀው ስለ ስሞቹ ነው።

አዝማሪ ሲጫወት ብዙ ጊዜ ራሱን ይጠራል፣ የጋበዘውን ጌታ ይጠራል፣ አገሩን ያነሣል። ወረቀት ይዘሽ አዳምጪና የሰማሽውን ስም ሁሉ ከነደቂቃው ጻፊው። ካሴቱ ላይ “78” የሚል ካለ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አትገምቺ። እንዳለ ጻፊው፣ የካሴቱንም ሽፋን ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሺው። የአጎትሽ የእጅ ጽሑፍ ራሱ መረጃ ነው።

ከዚያ ሽማግሌ ፈልጊ። አጎትሽ ያስተማሩበትን ከተማ የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም። ኮምፒውተሩን ከፍተሽ አብራችሁ አዳምጡ። ሰም እና ወርቁን የሚፈታልሽ በዚያ ዘመን በዚያ ሠፈር የነበረ ሰው ነው። አንድ ስንኝ ላንቺ የፍቅር ይመስልሻል፤ ለዚያ ሰው ግን የወረዳውን ሹም መሸንቆጫ ነው። ይኼ ትውልድ ሲያልፍ የሚፈታው አይኖርም፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይኼን አስቀድሚ።

አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ሙያ ነው። ጎንደር አካባቢ ቡርቧክስን የመሰለ፣ አዝማሪዎች በትውልድ የሚኖሩበት መንደር አለ። የአንዱን ስም ካገኘሽ ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ማግኘት ይቻላል። ያ ሰው የአባቱን ድምፅ ሰምቶት አያውቅ ይሆናል። ከዩቲዩቡ በፊት ለእሱ ይድረሰው።

ደግሞ ተጠንቀቂ። በሠርግ ላይ የተሰደቡ፣ የተሞገሱ፣ ሚስጥራቸው የወጣ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ።

መልስ፤ የሕግ ባለሙያ

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ካሴቱ የቤተሰባችሁ ንብረት ነው። ጨዋታው ግን የተጫዋቹም ነው፣ ሁለቱ ይለያያሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል) ለተጫዋቹም ለቀጂውም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። በ1978 የተቀዳ ጨዋታ እስከ 2028 ድረስ በጥበቃ ሥር ነው ማለት ነው። ተጫዋቹ ቢሞት መብቱ ለወራሾቹ ይተላለፋል። አጎትሽ በቀጂነት የነበራቸው መብት ደግሞ ለወራሾቻቸው ነው፤ ስለዚህ ዘመዶችሽ አስቀድመው ይስማሙ።

ካሴቱ እንዳይጠፋ ቤትሽ መገልበጥና አብሮ ማዳመጥ አያስጨንቅም። ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ ግን ለሕዝብ ማሠራጨት ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ቤተሰቡን ስታገኚ አጭር ወረቀት አዘጋጂ፦ ምን እንደተፈቀደ፣ የት እንደሚለቀቅ፣ ገንዘብ ከመጣ ለማን እንደሚሆን፣ የአዝማሪው ስም እንዴት እንደሚጻፍ። ማንበብ ለማይችል ሰው አንብቡለት፣ ፈቃዱንም በድምፅ ቅጂ ያዙት። ስሙ ያልታወቀ አዝማሪ ሲሆን ግን አትቸኩዪ። በመጀመሪያ አንድ ሁለት ደቂቃ የምትሆን ቁራጭ፣ “ይህን ድምፅ የሚያውቅ አለ?” ብለሽ ለአገሩ ልጆች ብታካፍዪ ይሻላል።

መልስ፤ መዝገብ ቤት የምሠራ

አንቺ ካለሽበት ሩቅ አይደለም፦ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የተመሠረተው፣ ሙዚየሙ ውስጥ የአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ይታያሉ። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር፣ ማለት ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም አለ። ካርቶኑን ተሸክመሽ አትሂጂ። የካሴቶቹን ዝርዝርና አንድ ሁለት ናሙና በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና አናግሪያቸው። የምትጠይቂው፦ ማን ማዳመጥ ይችላል? ቤተሰቡ ኮፒ ሲፈልግ ያገኛል? ዋናው ካሴት ይመለሳል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ፋይሉን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጊ፣ አንዱ ሌላ ሠፈር ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ቢሆን ጥሩ። በዓመት አንዴ ክፈቺያቸው፤ ሃርድ ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ይሞታል። የፋይሉ ስም ከካሴቱ ቁጥር ጋር አንድ ይሁን፣ ቁጥሩንም በእርሳስ ካሴቱ ወረቀት ላይ ጻፊ።

ለአዝማሪው ቤተሰብ በቴሌግራም ስትልኪ በፋይል መልኩ ላኪ፣ በድምፅ መልእክት መልኩ ከሆነ ጥራቱ ይወርዳል። ለእነሱ አነስ ያለ የኤምፒስሪ ኮፒ ይበቃል፣ ስልካቸው ላይ ይከፈታል። ካሴቶቹን ከገለበጥሽ በኋላም አትጣያቸው። ቆመው፣ በሳጥናቸው፣ ፀሐይ ከማይገባበት ደረቅ ቦታ ይቀመጡ። ከስፒከር አጠገብ አይሁኑ፣ ማግኔት አለው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአጎቴን ልጅ አስነብቤዋለሁ፣ ዩቲዩቡ ይቆየን ብሏል። በሰሞኑ ዝርዝሩን እንጀምራለን። ጋሼ ጎንደሬው፣ ፈቃደኛ ከሆኑ አንዱን ካሴት አብረን ብናዳምጥ ደስ ይለኛል። ወንድሜ ቴፕ ጠጋኙ፣ እንዲህ ያለ ቴፕ የት ላገኝ እችላለሁ? ሪሎቹስ?

መልስ፤ ጎንደሬው

በደስታ ነው ልጄ። ከቅዳሴ በኋላ እሑድ ይመቸኛል።

መልስ፤ ቴፕ ጠጋኙ

መርካቶ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ የጠረጴዛ ዴክ ፈልጊ፣ በትከሻ የሚያዘው አይሆንም። ከመግዛትሽ በፊት እዚያው ካሴት አስገብተሽ አጫውቺ፣ በሁለቱም አቅጣጫ አዙሪው፣ ከኋላውም የገመድ መውጫ መኖሩን እዪ። እስክታገኚ የእኔን አውስሻለሁ፣ ገመዱም አለኝ። ሪሎቹን ግን ለጊዜው አታጫውቺያቸው። አንድ በአንድ ከፍተሽ አሽትቺ፤ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚለውን ለብቻው አድርጊውና ቀድሞ የሚገለበጠው እሱ ይሁን። ያረጀ ነው፣ ጊዜ አይሰጥም። የሪል ማጫወቻ ያለው ሰው እጠይቅልሻለሁ።