ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) አካባቢ መጠጥ ለማቆም በአማርኛ የሚያወሩበት ቡድን አለ?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖቼ። ከሥራ ገብቼ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን መጠጣት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን ጠዋት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምነሳው፤ ካልቀመስኩ አይረጋጋም። ለብቻዬ ላቆም ሞክሬ አቃተኝ። እንደኔ የሆኑ ሰዎች ማግኘት እፈልጋለሁ፤ ግን እዚህ ሐበሻው ይተዋወቃል፣ ወሬው አዲስ አበባ እናቴ ጆሮ እንዳይደርስ እሰጋለሁ። እንግሊዝኛዬም ለሥራ እንጂ የሆዴን ለመናገር አይበቃም።

መልስ (ነርስ ነኝ)፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የእጅህ ነገር። ሰውነትህ አልኮሉን ስለለመደ ነውና እባክህ ለብቻህ በአንዴ እንዳታቆም። ላቡና መንቀጥቀጡ በጥቂት ሰዓታት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፍህ ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት ሊመጣ ይችላል፣ ሕይወትም ያጠፋል። ሐኪም ጋ ሂድና በቀን የምትጠጣውን ሳትቀንስ ንገረው፤ በመድኃኒት ይረዱሃል። የት እንደምትታከም ካላወቅክ ወደ ሱስ እርዳታ መስመር 1-800-662-4357 ደውል፤ ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ ምስጢር ይጠብቃሉ። ከተንዘፈዘፍክ ወይም ከቃዠህ ግን ወደ ድንገተኛ እርዳታ፣ 911 ነው።

መልስ (መጠጥ ካቆምኩ 6 ዓመቴ)፦
የምትፈልገው አልኮሊክስ አኖኒመስ ነው፤ ሰዉ «ኤኤ» ይለዋል። በ1935 አክረን፣ ኦሃዮ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች እርስ በርስ በመረዳዳት የጀመሩት ነው። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ክፍያ የለም፤ የመጀመሪያ ስምህ ይበቃል፤ መናገር ካልፈለግክ «ዛሬ ላዳምጥ» ትላለህ። «ዝግ» የሚባለው ስብሰባ ጠጪዎች ብቻ የሚገቡበት ስለሆነ እሱን ምረጥ።

ስለ ሐበሻው የምትለው ይገባኛል። እኔ ሰው እንዳያየኝ 40 ደቂቃ እየነዳሁ ሌላ ከተማ ነበር የምሄደው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የአገሬ ልጅ በሩን ከፍቶ ገባ። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። በኋላ ሳስበው እሱም የመጣው በኔው ጉዳይ ነው፤ ማን ማንን ያማል? እስከዛሬ ማታ ማታ እንደዋወላለን፣ በአማርኛ። ሁለት ሰው ካለ ቡድን መሆን እንደሚችል ኤኤ ራሱ ይላል፤ ሦስተኛ ሁነን።

መልስ (ባለቤቴ ጠጪ ነበር)፦
ጸበል ብቻ ይበቃል የሚልህ ይኖራል። እኛ ጸበሉንም ሐኪሙንም ይዘናል፤ የንስሐ አባታችን ራሳቸው ናቸው «መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ» ያሉት። ለጠጪ ቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን የሚባል ቡድን አለ። እኔን በእግሬ ያቆመኝ እሱ ነው፤ ጠርሙስ መደበቅና መለመን ያቆምኩት እዚያ ሄጄ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለነገ ጠዋት ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። ስድስት ዓመት ያልከኝ ወንድሜ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ሐሙስ ማታ ስብሰባ አብረኸኝ ትገባለህ?

መልስ (መጠጥ ካቆምኩ 6 ዓመቴ)፦
እገባለሁ። ስልክህን በውስጥ ላክልኝ፤ በር ላይ ቀድሜ እጠብቅሃለሁ።