ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ምን ዓይነት ካርድ እንስጥ? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ማኅበራችን ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚገቡ አዲስ ቤተሰቦች በጥሬ ብር የሚሰጠውን ድጋፍ በካርድ እናድርገው ተብሏል። ረቂቁ «የስጦታ ካርድ» ይላል። የመሰላችሁን ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ በስጦታ ካርዱ አልስማማም፤ ፕሪፔይድ ካርድ (አስቀድሞ ብር የሚሞላበት) ይሻላል። ሁለቱም ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚል ስላለ አንድ ይመስላሉ እንጂ ለየቅል ናቸው። የስጦታው የተሞላው ካለቀ አለቀ። ፕሪፔይዱ ግን ደጋግሞ ይሞላል፤ ሰውየው ሥራ ሲይዝ ደሞዙን ሊያስገባበት ይችላል፣ የክሬዲት ታሪክ (ብድር እንዴት እንደከፈለ የሚያሳይ መዝገብ) የሚጠይቀው የለም፣ ብዙውን ጊዜ ካለው በላይ ስለማያወጣም ዕዳ ውስጥ አይገባም።

አባል፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ካርዱ የክሬዲት ታሪክ ይገነባል?

ገንዘብ ያዥ፦ አይገነባም። የራሱን ብር እኮ ነው የሚያወጣው፣ ብድር የለበትም። ይሄን ካሁኑ እንንገራቸው፤ ኋላ አፓርታማ ሊከራዩ ሄደው የክሬዲት ታሪክ ሲጠየቁ እንዳይደነግጡ።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ክፍያውስ? አንዳንዱ በየወሩ ይቆርጣል፣ ለኤቲኤምም ለመሙያም ለየብቻ። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዋና ዋናዎቹን ክፍያዎች ባጭር ሰንጠረዥ ማሳየት ግዴታ ስለሆነ እሱን ሳናነብ አንግዛ። ደሞ ምዝገባው! በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ ማንነቱ ካልተረጋገጠ፣ ካርዱ ቢሰረቅ ብሩን መልሱ ብሎ መሟገት ከባድ ነው።

አባል፣ ሹፌር፦ ማደያ ላይ የሚያጋጥመውን እኔ ልንገራችሁ። ፓምፑ ስንት እንደምትቀዳ ስለማያውቅ ከምትቀዳው ዋጋ በላይ ብር ካርዱ ላይ ለጊዜው ይይዛል። 40 ዶላር ያለበት ካርድ ወይ እዚያው እምቢ ይላል፣ ወይ ቀሪው ለቀናት ይታገዳል። መፍትሔው ውስጥ ገብቶ «ፓምፕ 4፣ 20 ዶላር» ማለት ነው። ሱቅ ውስጥም 3 ዶላር ከምናምን ቢቀር መጀመሪያ እሷን ብቻ ቁረጥልኝ፣ የቀረውን በሌላ እከፍላለሁ ይበሉ።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ። አንድ ልጨምር፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ ደውሎ «የካርዱን ቁጥር አንብብልኝ» የሚል ሌባ ነው። ይሄ በአማርኛና በትግርኛ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ደጋግሞ የሚሞላ፣ ወርሃዊ ክፍያ የሌለው ወይም አነስተኛ የሆነ ፕሪፔይድ ካርድ ይሰጣል። አንድ አባል አብሮ ተቀምጦ ያስመዘግባል። ለሜትሮና ለአውቶቡስ ስማርትሪፕ (የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ) ለብቻው ይታከላል።» መታወቂያቸው ገና ላልደረሰ ምን እናድርግ? እስከዚያው በጥሬ ብር ይቀጥል የምትሉ እዚሁ ጻፉ።