ደሴ ላይ ቤት ወይስ ሱቅ? ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው እዚህ «ደሴ ላይ ሱቅ ልግዛ ወይስ ቤት ልሥራ?» ብላ የጠየቀች እህት ነበረች። እኔ ከሪያድ ለአንድ ወር አገር ቤት ገብቼ ነበር። ያየሁትን ልንገራት።

መጀመሪያ ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነው ያረፍኩት። ጎረቤት አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ዘሟል። ደላላው ዋጋውን ሲጠራ ሻዩ ትን አለኝ። «ቤቱን አይደለም የምትገዢው፣ ካርታውን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነባር ይዞታ ነው፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ፤ ግቢውም ሰፊ። ሳልመለስ ተሸጠ። ማን ገዛው? ጂዳ ያለ ሰው፣ በውክልና።

ከዚያ ከወንድሜ ጋር ፒያሳ ወጣን። ልብስ ነጋዴ ነው፣ ሱቅ ይፈልጋል። ምድር ቤቱ ሁሉ ተይዟል። የሚለቅ ካለም «ቁልፍ ይሸጣል»፣ ማለትም ከኪራዩ ሌላ ለመልቀቂያ ገንዘብ ይጠይቃል። ደረጃውን ስትወጡ ግን ሌላ ከተማ የገባችሁ ይመስላችኋል፤ ፎቁ ላይ ያለው ሱቅ ባዶ ነው። መስታወቱ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት አለ፤ ወረቀቱን ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል። አከራዩ ግን ንቅንቅ አይልም። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ይላል። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይብለጥ የሚለው ለመኖሪያ ቤት ነው፣ ሱቅን አይመለከትም። «ባዶ ከሚሆን ለምን አይቀንስም?» አልኩት ወንድሜን። «ኪራይ ቀነሰ ማለት ሕንፃው ረከሰ ማለት ነው። በብድር የሠራ ሰው ያንን አይፈልግም» አለኝ።

እንግዲህ ቤቱ ይሸጣል፣ ሱቁ ባዶ ነው፤ የቱን እንመን? እኔ እንደገባኝ የቤቱ ዋጋና የሱቁ ኪራይ ከተለያየ ኪስ ነው የሚከፈሉት። ቤቱን ያስወደድነው እኛው ውጭ ያለነው ነን። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ሪያል በባንክ 15 ብር ገደማ ነበር። ዶላር ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲሻገር የእኛም ሪያል አብሮ ወጣ። ለእኛ ብዙም ያልተወደደው ቤት ለደሴ አስተማሪ የማይደረስበት ሆነ። የሱቁን ኪራይ የሚያወጣው ደግሞ ያው አስተማሪ ነው። መንገድ ሲከፈት ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራዋ ልጅ ናት። ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ወንድሜ ሥራው በእጥፍ የሚያድግ መስሎት ነበር። 2014 ላይ ጦርነቱ ገባ፣ አሜሪካም በዚያው ዓመት ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ከምናስገባበት ዕድል፣ አስወጣችን። ሸማቹ እንደሳሳ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ደላላ «ቤት ጨምሯል፣ ሱቅም ይጨምራል» ካለሽ አትስሚው። ፎቅ ላይ ያለ ሱቅ እንዳትገዢ።

የሮቢት ልጅ ከሚኒሶታ፦
እህቴ፣ መቼ ነው የሄድሽው? ከበዓል በኋላ ከሆነ ሱቅ ሁሌም ጭር ይላል እኮ። ደግሞ እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው የያዝኩት። ቤት በታናሽ ወንድሜ ስም ላድርገው?

ምላሽ፦
ወንድሜ፣ ከአረፋ በፊት ነው የሄድኩት፣ ገበያ በሚደራበት ሰሞን! በወንድም ስም ያልከው ግን ይቅርብህ። ወንድምህን ጠርጥሬ አይደለም፤ ነገ ሚስት አለች፣ ልጅ አለ። በ1994ቱ አዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በቢጫ ካርዱ (በትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው) በራሱ ስም ቤት መያዝ ይችላል። የሊዝ ቦታ ከሆነ ዘመኑን እይ፤ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፣ ለንግድ ከአዲስ አበባ ውጭ 70። ስንቱ እንደቀረው ውሉ ላይ አለ።

እኔ ራሴ ምን አደረግሽ ካላችሁኝ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍል ጨመርኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ተከራየ። ወንድሜ እስካሁን ሱቅ አላገኘም። ፒያሳ ወይ ሸዋ በር፣ ምድር ቤት፣ ቁልፍ የማይጠየቅበት የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ ላኩልኝ።