ባሕር ዳር ላይ የሬሞት ጀልባ ከዜሮ ለመሥራት የት ምን ይገኛል፣ የቱስ ይሻላል

ሰሞኑን ሦስት አራት ሰው ስለጠየቀኝ አንዴ ልጻፈውና ይገላገል ብዬ ነው። ሐይቁ ዳር ስነዳት ያያችኋት ነጭና ሰማያዊ ጀልባ ከቻይና የመጣች አይደለችም፣ እዚሁ ባሕር ዳር ከእንጨት ቁራጭ ተነስታ የተሠራች ናት፣ 80 ሳንቲ፣ ስምንት ወር ፈጅታለች። ከከተማው ውጭ ያስመጣሁት ሬሞቱን፣ ሪሲቨሩን (ጀልባዋ ውስጥ ሆኖ የሬሞቱን ሲግናል የሚቀበለውን) እና ስፒድ ኮንትሮለሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን) ብቻ ነው። ስለዚህ ምክሬ ብራችሁን ለሬሞቱ አስቀምጡ ነው፣ ለሌላው ሁሉ የከተማችን ባለሙያ ይበቃል፣ አንዳንዱማ ከሚጠበቀው በላይ ነው።

መጀመሪያ ልኬት። የፈረንጅ መርከብ ፕላን ከኢንተርኔት አውርዶ መሥራትም ይቻላል፣ እኔ ግን በየቀኑ የማየውን ነው የፈለግኩት፣ ወደ ዘጌ ሰው ከሚያመላልሱት የብረት ጀልባዎች አንዱን ካፒቴኑን አስፈቅጄ እሁድ ጠዋት በሜትር ለካሁት፣ 12 ሜትር ሆነ፣ ለ15 ሲካፈል 80 ሳንቲ። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው ክብደቱ ላይ ነው። ርዝመቱ አንዴ ለ15 ሲካፈል ክብደቱ ሦስቴ ነው ለ15 የሚካፈለው፣ ባጠቃላይ ለ3,375 ማለት ነው። ዋናው ጀልባ 7 ቶን ቢሆን ሞዴሉ 2 ኪሎ አካባቢ ሲመዝን ነው ውሃው ልክ ቀለሙ መስመር ላይ የሚቆመው። ከዛ ከቀለለች ከላይ ትንሳፈፍና ትንሽ ንፋስ ይገለብጣታል፣ ከከበደች ደግሞ ውሃ ትጠጣለች።

እንጨት። ለጎድኗና ለጀርባ አጥንቷ 4 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በቂ ነው፣ አዲስ ሙሉ ሉክ እንዳትገዙ፣ ፈርኒቸር ቤቶች የሚጥሉት ቁራጭ ይበቃችኋል። ለልባሷ ሦስት እንጨት ሞክሬያለሁ። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው ግን ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ተዉት። ቀረሮ ጥሩ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ግን ለኔ አንደኛ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። ዋንዛ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ግንድ ፍለጋ አትሂዱ፣ ድሮ የተሠራ አልጋ ወይም ቁምሳጥን የሚያፈርስ አናፂ ፈልጉ፣ አሮጌው እንደውም ደርቆ ስላለቀ አይንቀሳቀስም። የኔ ከአንድ የተሰበረ የአልጋ ራስጌ ነው የወጣው። አናፂው 2 ሚሊ ውፍረት 6 ሚሊ ስፋት አድርጎ በማሽን ሰነጠቀልኝ፣ መጀመሪያ እንዲህ የቀጠነ አይወጣም ብሎኝ ነበር፣ ስዕሉን ሳሳየው ግን ራሱ ጉጉት ያዘውና ሁለት ቀን ሙሉ ሞከረው።

ቁራጮቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ ማጠፍ ነው፣ በኮላ እያጣበቁ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ፣ ሁሌም አንድ ከግራ አንድ ከቀኝ፣ አንዱን ወገን ብቻ ቶሎ ከጨረሳችሁ ጀርባ አጥንቷ ይጎብጣል። የመጀመሪያዋ እንደዛ ሆና ነው የተበላሸችብኝ፣ ከፊት ስታዩዋት አንገቷን ያዞረች ትመስል ነበር፣ አራት ወር የለፋሁባት ናት፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

በነገራችን ላይ ቅርጹን ሐይቁ ዳር ከደንገል ታንኳ ለሚያስሩ አንድ አባት ወስጄ አሳይቻቸው ነበር። እጃቸውን ከፊት ወደ ኋላ በሆዷ ላይ አንሸራተው "አፍንጫዋን ቀና አርገው ልጄ፣ እንዲህ ከሆነች ማዕበሉን አትወጣውም፣ ትገባበታለች" አሉኝ። አንድ ሳንቲ ከፍ አደረግኩት፣ ልክ ነበሩ። ኢንተርኔት ላይ አስር ቪዲዮ ከማየት እሳቸውን አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ። ጀልባ የምትሰጥመው እዚህ ጋ ነው። ዘንጉ የሳይክል ጎማ ሽቦ ነው፣ 2 ሚሊ፣ የማይዝግ፣ እንደ ባሕር ዳር ሳይክል የሞላበት ከተማ ደግሞ የለም፣ የትኛውም ጠጋኝ ጋ ይገኛል። አዲሱን ውሰዱ፣ አሮጌው በዓይን ባይታይም ጎብጧል፣ መስታወት ላይ አንከባሉትና ታያላችሁ። የሚገባበት ቱቦ የአሮጌ ሬዲዮ አንቴና ነው፣ ሬዲዮ ጠጋኞች ጋ ሞልቷል፣ ከሚገጣጠሙት ቱቦዎች ሽቦው ሳይጨናነቅ የሚገባበትን ምረጡ። ችግሩ ሁለቱ ጫፎች ናቸው፣ እዛ ላይ ሽቦውን በልኩ የሚይዝ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ያስፈልጋል፣ ይሄ የቶርኖ ሥራ ነው። ሁለት ቶርኖ ቤት ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው የመኪና ዕቃ የሚሠራ ትልቅ ቤት ነው፣ ለትንሽ ዕቃ ጊዜ የላቸውም፣ ቀዳዳውን አስፍተው ሰጡኝና ውሃ እንደ ቧንቧ ገባ። ሁለተኛው የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ጠባብ ቤት ነው፣ ሰውየው ሽቦውን ራሱን አምጣ አለኝ፣ በሽቦው እየለካ ነው የበሳው። ስለዚህ ፓምፕ የሚጠግን ፈልጉ፣ ውሃ በዘንግ ዙሪያ እንዳይገባ ማድረግ የዘወትር ሥራቸው ነው። ከዛ ቱቦውን ግራሶ ሞልቶ መግጠም። ፕሮፔለሩን ከነሐስ ቆርጬ በስታኞ ነው ያያያዝኩት፣ ሦስት ክንፍ።

ኤሌክትሮኒክስ። መጫወቻ መኪና ሬሞት ፈትታችሁ እንዳትጠቀሙ፣ ብዙዎቹ 27 ሜጋኸርዝ ናቸው፣ መሪው ወይ ሙሉ ግራ ነው ወይ ሙሉ ቀኝ፣ መሃል የለውም። አንድ ሱቅ ኦርጅናል ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ የሞዴል ሬሞት ነው ብሎ የሸጠልኝ ሲከፈት ያው የመጫወቻው ነበር፣ ሊመልስልኝም አልፈለገም፣ ስለዚህ ሳታበሩና ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር) ሰክታችሁ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። እኔ ያዋጣኝ መርካቶ ዘመድ ልኬ አስሞክሬ በአውቶቡስ ማስላክ ነው፣ ፍላይስካይ የሚባለውን ሬሞት ነው የያዝኩት፣ በቂ ነው። ሌላው አማራጭ ፖሊ ግቢ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) የመመረቂያ ፕሮጀክት የጨረሱ ልጆች ናቸው፣ ሰርቮና ሞተር በግማሽ ዋጋ ይለቃሉ፣ ባለ 9 ግራሟን ትንሿን ሰርቮ ከነሱ ነው የገዛሁት፣ እስካሁን ትሠራለች። ሞተሩ ከተበላሸ በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ የወጣ ነው።

ለባትሪ ሊፖ (የሞዴል ሠሪዎች ቀላል የሊቲየም ባትሪ) አታሳድዱ፣ በአውሮፕላን ማስመጣቱ ራሱ ጣጣ ነው። መብራት ሲጠፋ የምናበራው ፋኖስ ውስጥ ያለው 6 ቮልት 4.5 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የትም አለ፣ 700 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ያን 2 ኪሎ ለመሙላት ድንጋይ ከመጫን እሱን ሆዷ ላይ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ስፒድ ኮንትሮለሩ ግን በ6 ቮልት እንደሚሠራ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ሴል አውጥቶ መጠቀምም አለ፣ ይቀላል፣ ቻርጅ ማድረጉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ለጀማሪ አልመክርም።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልልም፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የመኪና ቀለም ቤት፣ አለቀ። ከቀለሙ በፊት ግን ውስጧንም ውጪዋንም ረዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ቀቧት፣ ፋይበርግላስ ከሚሠሩት ጋ በትንሽ ቆርቆሮ ቀንሰው ይሸጡላችኋል።

የሚነዳበት ቦታና ሰዓት ለጠየቀኝ፦ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሳፋ ላይ፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ንፋሱ ይነሳል። እንቦጭ ያለበትን ዳር ራቁ፣ ሥሩ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ሞተሩን ያቃጥላል። ዓባይ መውጫው ጋ ጉማሬ ስላለ እዛ ብትቆምባችሁ ተከትላችሁ እንዳትገቡ። የሪሲቨሩን አንቴና ከውሃው መስመር በላይ ስቀሉት፣ 2.4 ጊጋ በውሃ ውስጥ አያልፍም። ሲግናል ሲጠፋ ሞተሩ እንዲቆም ፌይልሴፍ አስተካክሉ፣ ካልሆነ ሙሉ ፍጥነት ላይ እንዳለች ወደ ጎርጎራ ትሄድላችኋለች። ለመጀመሪያ ቀን የዓሣ ማጥመጃ ክር ጅራቷ ላይ ማሰር አያሳፍርም፣ እኔ እስከ ሦስተኛው ቀን አስሬያት ነበር።

የጎድኖቿን ልክ በሙሉ መጠን ወረቀት ላይ ስያለሁ፣ አስራ አንድ ናቸው። ፎቶ ኮፒ የሚፈልግ እሁድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ካገኘኝ በደስታ እሰጣለሁ።