ፎርማን ሙረርን የጣለው በዕድል ነው ወይስ አውቆበት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ሰሞኑን የቦክሰኛው ጆርጅ ፎርማንን ፍልሚያዎች ከድሮዎቹ ጀምሬ እያየሁ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1973 ኪንግስተን ጃማይካ ላይ ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ሲጥለው አይቼ ደነገጥኩ፣ በዓመቱ ኬን ኖርተንንም በሁለተኛው ዙር ጨረሰው፣ ከዛ ኪንሻሳ ላይ መሐመድ አሊ በ8ኛው ዙር ዘረረው። እስከዚህ ይገባኛል። ያልገባኝ 1994 ላይ ያለው ነው። ሰውየው 45 ዓመቱ ነው፣ ማይክል ሙረር ደግሞ 26፣ ዘጠኝ ዙር ሙሉ ሲመታ ቆይቶ ሦስቱም ዳኞች ሙረርን እያስመሩት 10ኛው ላይ በዝረራ አሸነፈ። ጓደኛዬ በቃ አንዲት ቡጢ ቀናችው ነው የሚለው፣ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ግራ እጅ፦
ኧረ ዕድል አይደለም ወንድሜ። ፍልሚያውን ድጋሚ እየውና የፎርማንን ግራ እጅ ብቻ ተከታተል፣ ጃብ ጃብ ጃብ ነው (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚላክ ፈጣን ቡጢ)፣ ስለማያምር ማንም ልብ አይለውም እንጂ። ሙረር ግራኝ ነው፣ ግራኝን ደግሞ የሚጎዳው ቀጥታ የሚመጣ ቀኝ ነው፣ ግን ቀኙ እንዲያገኘው መጀመሪያ ፊትህ መቆም አለበት። ፎርማን ያንን ጃብ እየላከ ሙረርን ፊት ለፊቱ መቆም አስለመደው። የሙረር አሰልጣኝ ቴዲ አትላስ ነገሩ ገብቶት ሲያስጠነቅቀው ነበር፣ ሙረር ግን እየመራ ስለነበር ቀለለው። 10ኛው ላይ ግራ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ቀኝ፣ የመጨረሻዋ ቀኝ በጣም አጭር ነች አገጩ ላይ ነው ያረፈችው። ያቺ ቡጢ ዘጠኝ ዙር የተሠራባት ናት።

የድሮ ካሴት፦
ከላይ ያለው ልክ ነው ግን ዋናው ነገር ትንፋሹ ነው እላለሁ። ኪንሻሳ ሲገባ 25 ዓመቱ ነበር፣ 40 ፍልሚያ 40 ድል፣ 37ቱ በዝረራ፣ ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያ ዙሮች ያለቁ ስለነበሩ ረጅም ፍልሚያ ምን እንደሆነ በደንብ አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ ምታኝ ሲለው ያለ የሌለ ጉልበቱን አፍስሶ 5ኛው ዙር ላይ እጁ ባዶ ሆነ። በ1977 በጂሚ ያንግ ተሸነፈና መልበሻ ክፍል ውስጥ እግዚአብሔርን አገኘሁ ብሎ ቦክሱን ተወ፣ ሰባኪ ሆነ፣ አሥር ዓመት! ሲመለስ ሌላ ሰው ነው። በየዙሩ እረፍት እንኳን ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። በ1991 በ42 ዓመቱ ያኔ ሻምፒዮን ከነበረው ከሆሊፊልድ ጋር 12ቱንም ዙር ቆሞ ጨረሰ፣ በነጥብ ተሸነፈ እሺ፣ ግን በ25 ዓመቱ 8 ዙር ያቃተው ሰው እኮ ነው። ይሄን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ሚዛን፦
እኔ ግን ጓደኛህን ሙሉ በሙሉ ስህተት አልለውም። ፎርማን በ1993 በቶሚ ሞሪሰን ተሸንፎ ነው ቀጥታ ከሙረር ጋር ለሻምፒዮንነት ቀበቶ እንዲጋጠም የተፈቀደለት፣ እሱም በፍርድ ቤት ተከራክሮ ነው። ሲመለስም መጀመሪያ ላይ ከደካሞች ጋር ነበር ብዙውን የታገለው። ይሄ ተረስቶ ታሪኩ ሁሌ እንደ ተአምር ሲወራ አይመቸኝም። ሙረር ግን ደካማ አልነበረም፣ 35 ፍልሚያ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም ነበር፣ ሆሊፊልድን አሸንፎ ነው ቀበቶውን የያዘው፣ እዛ ላይ አልከራከርም።

የድሮ ካሴት፦
@ሚዛን ዕድሉ እንዴት እንደተሰጠውማ እውነትህን ነው። ግን ሪንግ ውስጥ ያደረገውን ማንም አልሰጠውም። በነገራችን ላይ የዛን ቀን የለበሰው ቀይ ቁምጣ ኪንሻሳ የተሸነፈበት ነው፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አንጀሎ ዳንዲ ነበር፣ ያኔ ኪንሻሳ ላይ የአሊ አሰልጣኝ ሆኖ በአሊ ጥግ የነበረው ሰውዬ ማለት ነው።

ጠያቂ፦
ቁምጣውን አላወቅኩም ነበር!! አሁን ሲያሸንፍ ጥጉ ላይ ተንበርክኮ ሲጸልይ የሚታየውን ሌላ ዓይን ነው የማየው። የሆሊፊልዱን ዘልዬው ነበር፣ ዛሬ ማታ 12ቱንም ዙር አያለሁ፣ ጃቡን እየቆጠርኩ።